ጉጉት ጮኸች ብለሽ ቤት አትልቀቂ

ልጄ፣ ላምበረት በተከራየሽው ቤት ጣሪያ ላይ ጉጉት ስለጮኸች፣ ከየካ ተራራ በኩልም ሌሊት ጅብ ስለሚሰማ ጎረቤቶችሽ «ደህና ምልክት አይደለም፣ ልቀቂው» እንዳሉሽ ነገርሽኝ። በስልክ የመለስኩልሽ ስላላረካኝ ይኸው ጻፍኩልሽ።

እኛም በዚሁ ወሬ ነው ያደግነው። ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ሞት ትጠራለች ይባላል። የንብ መንጋ መጥቶ ሲሰፍር ግን ሲሳይ ነው፣ ገድ ነው ተብሎ የሚነካው የለም። የንቡን እምነት እወደዋለሁ፤ ሰው በጭስና በእሳት ከማባረር እንዲታገስ አድርጎታል። የጉጉቷ ግን ያሳዝነኛል፤ በድንጋይ የምትወገረው አይጥ የምትበላልን ወፍ ናት። ኮርኒስሽ ውስጥ አይጥ ሲሯሯጥ ሰምታ ነው የመጣችው። በተለይ ፊቷ ነጭ የሆነችው ድምፅዋ ሰቅጣጭ ነው፤ በውድቅት ሌሊት ሰምቶት የማይደነግጥ የለም። ድንጋጤሽን አልነቅፍም። ብቻ የአይጥ መርዝ አትበትኚ፤ የተመረዘውን አይጥ በልታ እሷም ትሞታለች።

ጅቡ የሚመጣው ለአጥንት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ትግራይ ውስጥ ከጅቦች እዳሪ ፀጉር እየለቀመ ምን እንደሚበሉ መርምሮ ነበር። በሁዳዴ 55 ቀናት እርድ ሲቀር፣ የሚጣል አጥንትና ሥጋ ሲጠፋ፣ ከእዳሪው የሚገኘው የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በጾም ወራት ጅብ ቢደፍር እንግዲህ መዓት ሊያወራ አይደለም፤ ርቦት ነው። ይህን ስልሽ አትፍሪው ማለቴ አይደለም፤ ደጅ የተኛን ልጅ አይምርም። የምግብ ትራፊ ደጅ አትጣዪ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ የምትሄጂ ከሆነም ብቻሽን አትውጪ።

ውሻም ይሁን ቀበሮ፣ በቀን ሰው ሳይፈራ ግቢ ከገባ አትጠጊው፤ አብዶ ሊሆን ይችላል። ከነከሰሽ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጸበልሽን ተጠመቂ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ግን አታዘግዪ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ወሬሽ ነው። «ጅቡ ጅብ አይደለም፣ ሰው ነው» ብለው መንገድ ዳር ጀበናና ምጣድ የምትሸጠውን ሴትዮ በዓይናቸው ጠቆሙሽ አልሽ። ይህ ክፉ ወሬ በጣም ያረጀ ነው። በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ተረት አያቶቻችንም ሰምተውታል። ከዚያ የተነሳ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ኖሩ፤ ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ስም ተሸክመው ነው ልጅ ያሳደጉት። በእነሱ ምጣድ እየጋገርን፣ በእነሱ ጀበና ቡና እያፈላን፣ ልጃቸውን ለልጃችን ማጋባት ፈራን። ጉጉት ብትወገር ወፍ ናት፤ ይህ ግን ሰው ላይ የሚወረወር ድንጋይ ነው፣ ከልጅ ወደ ልጅ ይወርዳል።

ጎረቤቶችሽን አትጣዪ፣ ስትታመሚ የሚደርሱልሽ እነሱ ናቸው። ነገር ግን ያ ወሬ ቡና ላይ ሲነሳ አንገትሽን ደፍተሽ አትስሚ፤ ልጆች አጠገባችሁ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። «ተዉ፣ ጅቡ አጥንት ፍለጋ የመጣ አውሬ ነው» በያቸው። ለራስሽም አዲስ ጀበና ያስፈልግሻል፤ ከሴትየዋ ግዢና ጀበናውን ስታሟሺው እሷንም ቡና ጥሪያት።