ገዳይ ወራሽ

ለገንዘብ ሲባል የሥጋ ዘመድን መግደል ከሕይወት ኢንሹራንስ ጋር የመጣ ወንጀል አይደለም። በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው ሀብት በአብዛኛው የጫትና የቡና ማሳ፣ ቤትና ከብት ነው። ይሁንና ማሳውም የመድን ገንዘቡም አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ በሰው ሞት የሚገኝ መብት ሞቱን ላመጣው ሰው ይገባዋልን?

በቁርኣን አል-በቀራ ምዕራፍ ውስጥ ያለውን የግድያ ታሪክ የተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ሊቃውንት ሲያብራሩ፣ ልጅ አልባ ባለጸጋን ወራሹ የወንድሙ ልጅ ገድሎ ሬሳውን በሰው ደጅ እንደጣለ፣ ከዚያም ራሱ ደም ጠያቂ ሆኖ እንደቀረበ ይተርካሉ። ሟቹ በተአምር ተነሥቶ ገዳዩን አመለከተ፤ ገዳዩም ውርሱን አጣ። በመጽሐፍ ቅዱስም ንጉሥ አክዓብ በግፍ የተገደለውን የናቡቴን ወይን ቦታ ሊይዝ ሲወርድ ነቢዩ ኤልያስ የወቀሰው ስለ ደሙም ስለ ርስቱም ነው።

የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟቹን አስቦ በመግደል የተፈረደበትን ሰው ለመውረስ ያልተገባ ይለዋል። በኒው ዮርክ ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1882 ኤልመር ፓልመር የተባለ ወጣት አያቱ ኑዛዜውን እንዳይለውጥበት በመርዝ ገደለው። ፍርድ ቤቱ በ1889 ማንም በገዛ በደሉ አይጠቀምም ብሎ ውርሱን ከለከለው። በሐሳብ የተለየው ዳኛ ወንጀለኛው አንዴ ተቀጥቷል፣ ውርስ መንፈግ ሌላ ቅጣት መጨመር ነው አለ። መቃወሚያው ከባድ ቢመስልም አያሳምንም። ቅጣት ሰው ያለውን ይወስዳል፤ ገዳዩ ግን ሊወርስ የሚችለው ሞቱ በራሱ ጊዜ ቢመጣ ነበር።

ይበልጥ የሚከብደው ሳያስብ የገደለው ሰው ጉዳይ ነው። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ሲነዳ በቸልተኝነቱ መኪናው ተገልብጦ አባቱ የሞተበትን ልጅ እናስብ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይወርሳል። በሐረርጌ ሙስሊሞች ዘንድ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት) ግን በስሕተት የገደለውንም ከውርስ ያግዳል፤ የልብ ሐሳብ ስለማይታይ በሩን ጨርሶ መዝጋት ይሻላል ይላል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ተከራካሪዎች ሲስማሙ በመሆኑ፣ የዚህ ልጅ ዕጣ በተመረጠው ችሎት ይወሰናል።

የማሊኪ መዝሀብ መንገድ የተሻለ ፍትሕ ያለበት ይመስላል። በስሕተት የገደለ ሰው ከሟቹ ንብረት ይወርሳል፣ ከደም ካሣው ከዲያው ግን አይካፈልም። ማሳው ከሞቱ በፊት የነበረ ሀብት ነው፤ ዲያው ግን ራሱ ሞቱ የወለደው ገንዘብ ነው። የሕይወት ኢንሹራንስ ክፍያም በዚህ ረገድ ከማሳው ይልቅ ለዲያው ይቀርባል፤ ሆን ብሎ ለገደለ ተጠቃሚ መከልከሉም ከርስቱ ይልቅ ግልጽ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የገዳዩ ልጆች ግን በአባታቸው ወንጀል አይጠየቁም። በሻፊዒዎች ዘንድ ገዳዩ በውርስ ስሌት እንዳልነበረ ስለሚቆጠር ሌሎችን አያግድም፤ ሟቹ ሌላ ወንድ ልጅ ከሌለው የገዳዩ ልጅ አያቱን ይወርሳል።