የሚጠየቅ ፍጡር
ስለ ታላላቅ ዝንጀሮዎችና ስለ ሰው ክብር

ጥበበኛው ሰሎሞን ስለ ዛፎች ብቻ ሳይሆን ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍም እንደ ተናገረ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ተጽፏል። በምዕራፍ 10 ደግሞ መርከቦቹ በየሦስት ዓመቱ ያመጡለት ከነበረው ሀብት መካከል፣ ከወርቅና ከብር ከዝሆንም ጥርስ ጋር፣ ዝንጀሮዎች ተቈጥረዋል። እንግዲህ ይህን ፍጥረት መመልከትና ስለ እርሱ ማሰብ ለእግዚአብሔር ሕዝብ የማይገባ ሥራ አይደለም። እኛም ዛሬ አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም፣ አውሬው እንደ እኛ የሚወድና የሚያዝን፣ እንደ እኛም የሚጣላ ሆኖ ከተገኘ፣ የሰው ክብር በምን ላይ ይቆማል? የሚል ነው።

በደጋው አገራችን የምናውቃቸው ጭላዳ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ጉሬዛ ሁሉ ጅራት አላቸው። አሁን የምንናገርላቸው ግን ጅራት የሌላቸውና በአካላቸው ከእነዚህ ይልቅ ወደ ሰው የሚቀርቡት ናቸው። በአገራችን ዱር አይገኙም፤ ከፊሎቹ በእስያ፣ ከፊሎቹ በአፍሪካ ይኖራሉ።

በእስያ ከሚገኙት አንደኛው ጊቦን ነው። ወደ 20 የሚሆኑ ዓይነቶች ሲኖሩት፣ በአካሉ ከሁሉም ያንሳል። በረጃጅም ክንዶቹ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተወነጨፈ ይኖራል፤ በብዙዎቹ ዓይነቶች ዘንድ ወንዱና ሴቷ አንድነት ኖረው በማለዳ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ሁለተኛው በቦርንዮና በሱማትራ ደሴቶች የሚኖረው ኦራንጉታን ነው፤ ስሙም በማላይ ቋንቋ «የጫካ ሰው» ማለት ነው። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይኖራል። እናቲቱ ግን አንዱን ልጅ ስድስትና ሰባት ዓመት ያህል አብራው ሆና፣ የትኛው ፍሬ እንደሚበላና የሌሊቱ መኝታ በዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ታስተምረዋለች።

በአፍሪካ ከሁሉ የሚገዝፈው ጎሪላ ነው። ጀርባው በብር መሳይ ጠጕር የተሸፈነው አውራ ቤተ ሰቡን ይመራል፤ ግርማው እጅግ የሚያስፈራ ቢሆንም የሚመገበው ይበልጡን ቅጠልና ግንድ ፍሬም ነው። ከኮንጎ ወንዝ በስተደቡብ ብቻ የሚገኘው ቦኖቦ ደግሞ ሴቶቹ የሚከበሩበት፣ ጠብ ሲነሣም ቶሎ የሚታረቅ ወገን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን ግን ቺምፓንዚ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ጄን ጉዳል የተባለች ወጣት እንግሊዛዊት በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ጎምቤ ጫካ ገባች። በዚያው ዓመት አንድ ቺምፓንዚ የሣር ዘንግ ወደ ምስጥ ኩይሳ እያስገባ ምስጥ ሲያወጣና ሲበላ፣ ቅጠሉን ከቅርንጫፍ ላይ መልምሎም መሣሪያ ሲሠራ አየች። እስከዚያ ዘመን ድረስ መሣሪያ መሥራት የሰው ብቻ ነው ይባል ነበር። በ1972 ፍሎ የተባለችው አሮጊት እናት በሞተች ጊዜ፣ ፍሊንት የተባለው ልጅዋ መብል ትቶ፣ ከወገኖቹም ተለይቶ፣ ብዙ ሳይቆይ ተከትሏት ሞተ። ነገር ግን ከ1974 እስከ 1978 በዚያው ጫካ፣ ቀድሞ አንድ ወገን የነበሩት ለሁለት ተከፍለው፣ ብርቱዎቹ የተለዩአቸውን ወንዶች አንድ በአንድ እያሳደዱ ገደሉአቸው። ፍቅሩም ጭካኔውም በአንድ ጫካ ተገኘ።

በ2005 ደግሞ ሊቃውንት የቺምፓንዚን የዘር ውርስ አንብበው ከሰው ጋር አነጻጸሩት፤ ጎን ለጎን ሊመዛዘን በሚችለው ክፍል ከመቶ 98 እጅ በላይ አንድ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰሙ ሰዎች በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንዳንዶቹ፣ «እንግዲያስ ሰው ከአውሬ አይሻልም፤ እንደ አውሬ ቢኖርም አይነቀፍም» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ለሰው ክብር የቀኑ መስሏቸው በዓይን የታየውን መመሳሰል ይክዳሉ። ሁለቱም የሰውን ክብር በአካሉና በብልሃቱ ላይ ስለሚያቆሙት መሠረታቸው አንድ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያስተምረንም። በኦሪት ዘፍጥረት የምድር አራዊትና ሰው በአንድ ቀን፣ በስድስተኛው ቀን ተፈጠሩ፤ ሰውም አራዊትም ከምድር ተበጁ። ሉተርም በትንሹ ካቴኪዝም የሃይማኖትን የመጀመሪያ ክፍል ሲተረጉም ራሱን ከፍጥረት ሁሉ ጋር አንድ ላይ ቈጥሮ ነው የሚያመሰግነው። በመልኩ መፈጠራችን ከአፈራችን የመጣ ሳይሆን ከሰጪው ቸርነት የመጣ ነው። ጽድቃችን በጸጋ እንደ ሆነ ሁሉ ክብራችንም በጸጋ ነው። ክብር በብልሃት ቢሆን ኖሮ ገና መናገር ያልጀመረ ሕፃን፣ አእምሮው የደከመ ሽማግሌ፣ ከልደቱ ጀምሮ የታመመ ሰው ክብር ባልኖራቸው ነበር። እንዲህ የሚል በመካከላችን አይገኝ።

ክብርን በሰው ሚዛን መመዘን ወዴት እንደሚያደርስ ከአንድ ታሪክ እንማር። ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ተወላጅ በ1904 ለትርኢት ወደ አሜሪካ ተወሰደ፤ በመስከረም 1906 በኒውዮርክ ከተማ በብሮንክስ የአራዊት መጠበቂያ፣ በዝንጀሮዎች ቤት፣ ከአንድ ኦራንጉታን ጋር ለሕዝብ ታየ። ሰዎችም በሺህ እየጎረፉ መጥተው ተመለከቱት፣ ሳቁበትም። ይህን አይተው ዝም ያላሉት ጥቁር የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢዎች ነበሩ፤ በእነርሱም ተቃውሞ ከዚያ ወጥቶ ቄስ ጄምስ ጎርደን ወደሚያስተዳድሩት የሙት ልጆች ቤት ገባ። ነገር ግን የልቡ ቍስል አልዳነም፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ በ1916 በገዛ እጁ ሞተ። በዚያ ቤት ውስጥ ከክብሩ የወረደው ማን ነበር? በአጥር ውስጥ የቆመው ነውን? ወይስ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሳቀው?

ይህን ከሩቅ አገር ሰምተን ሌላውን ብቻ አንፍረድ። በእኛም አገር ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ ተብለው ኖረዋል። በከፋም ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን፣ ጉሬዛና ሌላም የዱር አውሬ ይበላሉ ተብለው፣ ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ክርስቶስ የሞተለትን ሰው በሚበላው ምግብና በሚሠራው ሥራ እንደ አውሬ የሚቈጥር፣ የጌታን ማዕድ በምን ፊት ይቀርባል?

እንግዲህ ሰው ከአውሬ የሚለየው በምንድር ነው? እኛ እንዲህ እንላለን፤ ሰው የሚጠየቅ ፍጡር ነው። የጎምቤ ቺምፓንዚዎች ወገናቸውን በገደሉ ጊዜ ማንም ለፍርድ አላቀረባቸውም፤ ንስሐም አይጠበቅባቸውም። ቃየል ግን ስለ ወንድሙ ተጠየቀ። እኛም ስለ ወንድማችን እንጠየቃለን፤ ፍጥረትን እንድንገዛ ተሰጥቶናልና ስለ ፍጥረትም እንጠየቃለን። ጌትነታችን አደራ ነው፤ አደራ የተቀበለም ሒሳብ ያቀርባል።

ሒሳቡም ከባድ ነው። በቦርንዮና በሱማትራ ጫካው ለዘይት ዘንባባ እርሻ ተመንጥሯል፤ ግልገሉን ለመሸጥ የሚፈልግ አዳኝ እናቲቱን ይገድላል። በ2017 ለብቻው የታወቀው የታፓኑሊ ኦራንጉታን ከ800 አይበልጥም።

«የተራበ ሰው እያለ ስለ አውሬ መናገር ምንድር ነው?» የሚለን ይኖራል። ዝንጀሮ እንኳ መጀመሪያ መቀመጫዬን ብላለችና ነገሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንዱን መጠበቅ ሌላውን መበደል አይደለም። በ1981 በቪሩንጋ ተራሮች 250 ያህል ብቻ ቀርተው የነበሩት የተራራ ጎሪላዎች፣ በ2016 በተፈጸመው ቈጠራ ከ600 በልጠው ተገኝተዋል። ይህ የሆነው ጠባቂዎች ሕይወታቸውን እየሰጡ፣ ሐኪሞችም የቈሰሉትን እያከሙ ነው፤ ሩዋንዳም ከ2005 ጀምሮ ከጎብኚዎች የሚገኘውን ገቢ ከፊሉን ለአካባቢው መንደሮች ታካፍላለች። በእኛም አገር የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር በሥርዓት እየከለሉና በጊዜው እያጨዱ ለብዙ ትውልድ ጠብቀዋል፤ በዚያም ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ከሰው ጋር ኖረዋል።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ ልጆቻችን በእርሻ ዳር ጭላዳውን ሲያባርሩ እህላቸውን ይጠብቁ፤ በከንቱ ማሠቃየትን ግን አይማሩ። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንኳ እንደሚራራ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ተምረናልና። ባልንጀራችንንም «አንተ ዝንጀሮ» ብሎ የሚሰድብ አንደበት ከቤታችን ይወገድ። በሚመጣው ቀን የሁሉ ፈጣሪ ስለ ወንድማችንና በእጃችን ስለ ሰጠን ፍጥረት ሲጠይቀን፣ በልጁ ምሕረት ተማምነን እውነተኛ መልስ ለመስጠት የምንችል ያድርገን። አሜን።