መደብሩ ተዘጋ፤ ምኞታችንስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፤ በማንጋፍ፣ በፋሃሂል፣ በማህቡላ፣ በአቡ ሐሊፋና በከተማው የምትኖሩ፤ ዕረፍት አግኝታችሁ ቅዳሴ ያስቀደሳችሁም፣ ዕረፍት ተከልክላችሁ በሰው ቤት ወጥ ቤት ቆማችሁ ይህን በስልክ የምታነቡም፤ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ይብዛላችሁ።

ባለፈው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን መስቀል ተሳልማ፣ «አባታችን፤ ያ ትልቁ መደብር እኮ ተዘጋ» አለችን። እኛም ነገሩን እንደ ቀላል ወሬ ቆጥረን፣ «ምን ቸገረሽ ልጄ፤ ሌላ ሱቅ ሞልቷል» አልናት። እርሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህች እኅት ከስድስት ዓመት በፊት የሁለት ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች ናት። ደመወዝ በተቀበለች ቁጥር ዕረፍት ካገኘች ወደዚያ መደብር ሄዳ በልጆች ዕቃ ክፍል ትቆማለች። ልጇን የሚያክል ሕፃን ከእናቱ ጋር እስኪገባ ትጠብቃለች፤ ሲገባ እግሩን በዓይኗ ትለካለች፤ ከዚያ ጫማውን መርጣ ታነሣለች። «አሁን በስልክ እዘዢ ይሉኛል። በስልክ የልጄን እግር በምን አውቀዋለሁ?» አለችን። ይህን የምንጽፈው እርሷ ፈቅዳልን ነው።

መልስ አልነበረንም። ቤታችን ከገባን በኋላም ነገሩ ከልባችን አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ ከእናንተ ጋር ልንመረምረው ወደድን፦ መደብር ሲዘጋ ክርስቲያን ሊያዝን ይገባዋልን? አንዱ «የዓለም ነገር ነው፤ ቢዘጋ ምን አገባን» ይላል። ሌላው «ዘመኑ የስልክ ነው፤ የቀረ ይቅር» ይላል። ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለናል።

አስቀድመን ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንይ። ሁሉን ዕቃ በአንድ ጣራ ሥር የሚሸጥ ትልቅ መደብር በፓሪስ ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው የታወቀው። አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ነጋዴ በ1852 እ.ኤ.አ. ቦን ማርሼ ከተባለው ሱቅ ገብቶ ንግዱን አሳደገው። ቀድሞ ዋጋ በነጋዴው ልብ ተሰውሮ ይኖር ነበር፤ ገዢውን አይቶ ነው የሚነግረው። እርሱ ግን ዋጋውን በዕቃው ላይ ጻፈ፤ ሳይገዛ ማየት ለሚወድ በሩን ከፈተ፤ የማይስማማውን ዕቃ እንዲመልስም ፈቀደ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ዐረብኛ ሳይገባን በመጣንበት ሰሞን ሙባረኪያ ገበያ ገብቶ መከራከር እንዴት ያለ ጭንቅ ነበር! ዋጋው በተጻፈበት ቦታ ግን የማዳሟም የሠራተኛዋም ገንዘብ እኩል ይቆጠራል። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሮናል (ምሳ. 11፥1)። እንግዲህ በዚያ መደብር ውስጥ ለድኻ የሚጠቅም እውነት ነበረ ማለት ነው።

ሞል የምንለው ደግሞ የስደተኛ ሥራ ነው። ቪክቶር ግሩን የተባለ የቪየና አይሁዳዊ አርክቴክት ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙበት በ1938 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያም በከተማ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤት እየተመላለሱ ጎረቤታቸውን ሳያውቁ ሲኖሩ አየ። የቪየና አደባባይ ናፈቀው፤ ሰው ቡና እየጠጣ የሚነጋገርበት፣ ሕፃን የሚሮጥበት፣ ሽማግሌ የሚያርፍበት አደባባይ። ስለዚህ በሚኒሶታ ግዛት በኤዲና ከተማ በ1956 እ.ኤ.አ. ሳውዝዴል የተባለውን፣ በጣራ የተከደነ፣ በመካከሉ ሰፊ አደባባይ ያለበትን የገበያ ቤት ሠራ። በዙሪያው መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና ቤት እንዲኖር ይመኝ ነበር። የተስፋፋው ግን ሱቁና የመኪና ማቆሚያው ነው። በኋላ ሰዎች የሞል አባት ብለው ሲጠሩት እርሱ አባትነቱን እምቢ አለ፤ ወደ ቪየናም ተመልሶ በ1980 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ልብ በሉ፤ ስደተኛው ሊሠራ የፈለገው ሰው የሚገናኝበትን ስፍራ ነበር።

የእርሱን ናፍቆት እኛ እናውቀዋለን። በጎጃም በቆሎ ተማሪነት ዘመናችን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ ይዘን ስንዞር የገበያን ቀን እንጠብቅ ነበር። በገጠር ገበያ ማለት መሸጥና መግዛት ብቻ አይደለም። አዋጅ የሚነገረው በገበያ ነው፤ የሩቅ ዘመድ መሞቱ የሚሰማው በገበያ ነው፤ የተጣሉ በሽማግሌ ቃል የሚቀጣጠሩት በገበያ ነው። እናቶቻችን አንድ ቁና ጤፍ ተሸክመው ሄደው ሳይሸጡ ቢመለሱ እንኳ «ሰው አግኝቼ መጣሁ» ይሉ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ሳለ በምኩራብ ብቻ አልተወሰነም፤ በየቀኑ በገበያ ከሚያገኛቸው ጋር ይነጋገር ነበር (ሐዋ. 17፥17)። ገበያውን አልናቀውም፤ ሰው ያለበት ስፍራ ነውና።

በዚህ በኩዌትም ሞል ለስደተኛ ከሱቅ በላይ ነው። ሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. በሚትሪባህ 53.9 ዲግሪ ሙቀት የተለካበት አገር ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን ዕረፍት ለቤት ሠራተኛ እንደሚገባ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ይናገራል፤ ያንን ቀን ያገኘች እኅት ግን ቤት የላትም፤ ወዴት ትሂድ? ከቅዳሴ በኋላ በፋሃሂል ባሕር ዳር ባለው በአል ኩት፣ ወይም አውቶቡስ ተሳፍራ በ2007 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በአቬኑስ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ብርዱ በነፃ ነው፤ መብራቱ በነፃ ነው፤ የአገሯን ልጅ ታገኛለች፤ ለአንድ ሰዓት ማንም አይጠራትም።

አሁን ያ ነገር እየተለወጠ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1778 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረው ዴበንሃምስ በ2021 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ መደብሮቹን ዘጋ። በአሜሪካ ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብር በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ገባ። እኛ ባለንበት ዙሪያ ትልልቆቹ ሞሎች ቆመዋል፤ ውስጣቸው ግን ሲለወጥ በዓይናችን እያየን ነው። ልብስና ጫማ የነበረበት ስፍራ ቡና ቤት፣ ምግብ ቤትና የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ዕቃው ወደ ስልክ ሄደ፤ በሞሉ የቀረው መቀመጥና መብላት ነው፤ መቀመጡም ዋጋ አለው። ለቤት ሠራተኛ በ2016 እ.ኤ.አ. የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው፤ ለቀን ቢካፈል 2 ዲናር ይሆናል። አንድ ስኒ ቡናና አንድ ቁራሽ ኬክ የአንድ ቀን ድካሟን ይበላዋል። ስለዚህ የእኅታችን እንባ ስለ ሱቅ ብቻ አይደለም። ከፍላ ሳይሆን ሰው ሆና ብቻ የምትቆምበት ስፍራ ስለ ጠበበባት ነው።

ነገር ግን ልጆቼ፤ እውነቱን ሁሉ እንናገር። ያ መደብር ያሰባሰበን ብቻ ሳይሆን ያሰረንም ነው። ከአልጋችን ሥር የተደረደረውን ካርቶን እናውቃለን። ለእናት፣ ለእኅት፣ ለአክስት ልጅ ብለን የሰበሰብነው፣ የካርጎ ዋጋ ያጣንለት፣ እስኪላክ ድረስ ፋሽኑ ያለፈ ልብስ አለ። ሦስት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን ብለን ዐሥር ዓመት የሞላን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ዓይናችን አይደለምን? ጌታችን በወንጌል እርሻው እጅግ ስላፈራለት ሰው ነግሮናል (ሉቃ. 12፥16–21)። ያ ሰው ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ዐሰበ፤ በዚያች ሌሊት ግን ነፍሱ ተፈለገች። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ይህን ምሳሌ ሲተረጉም፣ ጎተራ ከፈለግህ የድኻ ሆድ ጎተራህ ነው፤ በሣጥንህ የተቀመጠውም ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው ብሎ አስተምሯል። ይህ አባት በቃል ብቻ አልቀረም፤ በአገሩ ረኀብ በገባ ጊዜ ድኾችን መግቧል፤ ለሕሙማንና ለእንግዶች መጠለያ ሠርቷል።

እንግዲህ መደብሩ ሲዘጋ ምኞታችን አብሮ ተዘጋን? አልተዘጋም። ምኞት ቤቱን ለቅቆ በኪሳችን ገባ። ጎተራው ፈርሶ የሚበልጥ ተሠራ፤ የሚበልጠውም ግድግዳ የለውም። መደብር የሚዘጋበት ሰዓት ነበረው፤ ለመሄድ ዓርብን መጠበቅ፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ገንዘቡን በእጅ ቆጥሮ መስጠት ነበረ። እነዚህ ሁሉ አጥር ነበሩ። ስልኩ ግን በመኝታ ሰዓትም ክፍት ነው።

እኛም ራሳችንን ከእናንተ ለይተን አንናገርም። አንድ ሌሊት የመኝታ ጸሎት አድርሰን ጋደም ካልን በኋላ የቅዱሳንን ታሪክ ልናነብ ስልኩን ከፈትን፤ ጫማ የሚያሳይ ማስታወቂያ መጣ፤ ነካነው፤ ሌላ መጣ፤ ሳናውቀው ሰዓቱ ሄደ። ጫማ አልቸገረንም ነበር። በባዶ እግራችን ቅኔ የቆጠርን ሰዎች፣ ሦስተኛ ጫማ ስንመርጥ ማኅሌቱ ሊያመልጠን ደረሰ። ማንም አላየንም፤ ይህም ነው የከፋው። በገበያ ስንቆም የሚያየን ሰው አለ፤ ያፍሩናል፣ እናፍራለን። በስልክ ግን እኛና ምኞታችን ብቻችንን ነን።

ፊት የማይታይበት ገበያ ወዴት እንደሚያደርስ በዚህች አገር ታይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ዐረብኛ ጋዜጠኞች ባደረጉት ምርመራ የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያ ላይ እንደ ዕቃ ከፎቶና ከዋጋ ጋር ለሽያጭ ሲቀርቡ ተገኝቷል። ጣት ጫማውን በነካበት መስታወት ላይ ሰውንም ነካ። የያዕቆብ ልጆች ዮሴፍን በሃያ ብር ከሸጡት በኋላ ዘመናት አልፈው በግብፅ ሲጨነቁ ትዝ ያላቸው ነገር ምን ነበር? ወንድማቸው ሲማጸናቸው የነፍሱን ጭንቀት አይተው አለመስማታቸው ነው (ዘፍ. 42፥21)። እነርሱስ ፊቱን አይተዋል፤ ስለዚህ ኅሊናቸው በኋላ ወቀሳቸው። ፊቱን ፈጽሞ ያላየ ሰው በምን ይወቀሳል?

ስለዚህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ስለ ሕንጻው አናልቅስ። ገበያ ከስፍራው ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በአዲስ አበባ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቅ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ሄዷል፤ ሰውም ተከትሎት ሄደ። በሕንጻው ውስጥ የነበረውን መልካም ነገር ግን እኛው ልንይዘው ይገባናል፤ እርሱም ፊት ለፊት መተያየትና የምኞት አጥር ነው።

አጥሩን በጾም ልማድ እንሥራ። ከመኝታ ጸሎት በኋላ ሱቅ በስልክ አይከፈት። የወደድነውን ዕቃ ዕለቱን አንዘዝ፤ እስከ ዓርብ እናቆየው። ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣም የሚያስፈልግ መስሎ ከታየን ያን ጊዜ እንግዛው። ብዙው እስከ ዓርብ እንደማይደርስ ከራሳችን አይተናል።

ፊቱን ደግሞ በፍቅር እንፈልገው። ዕረፍት ያላት ዕረፍት ለሌላት ትደውል፤ ስታወራት ድምፅ ብቻ ሳይሆን ምስሏንም ታሳያት። ዓርብ ቡና የምንጠጣበት ገንዘብ ከሌለን ከቤተ ክርስቲያን ቆሎና ጠላ ባይኖር ዳቦና ሻይ አለ፤ ቶሎ አንበታተን። በሙቀት በሞተር ዕቃ የሚያመጣልንም ወንድም እንደ እኛው የሰው አገር ሰው ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ እንስጠው፤ ስሙን እንጠይቀው። ከየካርቶናችንም አንዱ ድርሻ ደመወዝ ተከልክላ፣ ቲኬት አጥታ ለተቀመጠች እኅት ይሁን።

ያች እናት የጠየቀችንን ጥያቄ በዚያው ዓርብ ለጉባኤው አቀረብነው። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄድ ሌላ እኅት ተነሥታ፣ መንገዷ በልጁ መንደር በኩል እንደሆነ ነገረችን። ገበሬ ገበያ ሲወርድ የልጁን እግር በገመድ ለክቶ ቆርጦ እንደሚይዝ፣ እርሷም እግሩን በክር ለክታ፣ ቆርጣ፣ ይዛ ልትመለስ ቃል ገባች። በዚህ ሳምንት ሄዳለች። ክሩ ገና አልደረሰም፤ እስኪደርስ እንጠብቃለን፤ በጸሎታችሁ አስቧት።

ዐይናችንን ከከንቱ ነገር መልሶ ወደ ወንድማችን ፊት እንዲያቀናልን፣ በየሰው ቤት ያላችሁትን በቸርነቱ እንዲጠብቅልን፣ ለአገራችሁ መሬት እንዲያበቃችሁ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።