የሞቀ ሞተር

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ደህና መካኒክ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያ ምክር ይሄ ነው፦ ሻጩን «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳው» በሉት። የሞተር ጠባይ የሚታወቀው አድሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ነው። ያኔ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ ወጥቶ አልጠፋ ካለ የራዲያተር ውሃ መግባት በሌለበት ቦታ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያ ማለት ቴስታታው ይወርዳል፣ ያ ማለት ብዙ ብር። ከሞቀ በኋላ ግን ብረቱ ይሰፋል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ኳኳታው ይቀንሳል። የታመመው ሞተር ለጊዜው ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ጋምቤላ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ለሻጭ ያደላል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል። የደከመ ናፍጣ ሞተር ጎሬ ላይ፣ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ሲያቃስት ይቆያል። ያንኑ ሞተር ወደ ባሮ ዳር ብታወርዱት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ስለዚህ እዚህ መኪና የሚያይ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ካልደረሰ ባይሄድ ይሻለዋል።

ይሄን ሁሉ የማወራው ጓደኛዬ ጋምቤላ ላይ አሮጌ ሚኒባስ ሲፈልግ አብሬው ስለዞርኩ ነው። ሥራው አቦቦ፣ ኢታንግ፣ ፉኝዶ ያመላልሰዋል፤ በመሸበት ሁሉ ደግሞ አልጋ አይገኝም። ውጭ አገር አልጋውም ምድጃውም ተገጥሞላቸው የሚሸጡ ትንንሽ መኪኖች አሉ። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ገበያ ስለሌለ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሚኒባስ መግዛት፣ የኋላ ወንበሮቹን መንቀል፣ ፍራሽ ማንጠፍ፣ አጎበር መስቀል። (ሊብሬ ላይ የወንበር ብዛት ስለሚጻፍ መንቀሉም የራሱ ጣጣ አለው። እሱን ለሌላ ቀን።)

ሰው የሚያድርበት መኪና ከሌላው የበለጠ ይፈተሻል። ባሮ በክረምት ሞልቶ ሲወጣ ሰፈር ውስጥ የቆመ መኪና አይምርም፤ ስለዚህ ምንጣፉን ገልጦ ላሜራውን ማየት፣ የወንበሮቹ ብሎን ሥር ዝገት መፈለግ ያስፈልጋል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡት፤ መኪናውን ያጠበ ሰው የቀበቶውን ጫፍ አያስታውስም፣ ጭቃው እዚያ ይቀራል። በሮቹን ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ አቁሙትና ከሩብ ሰዓት በኋላ ገብታችሁ አሽትቱ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ፤ ጋምቤላ የእርዳታ ድርጅትና የእርሻ ኢንቨስተር መኪና የማይጠፋበት አገር ነው፣ ስም ሲዞር ያልተከፈለው ቀረጥ ሊመጣባችሁ ይችላል። «ስም ማዞሩ ይቅር፣ ውክልና ልስጥህ» ለሚል ሻጭ ደግሞ ውክልና እንደሚሻር አትርሱ።

አንድ ጠዋት ያየነው ሚኒባስ ይሄን ፈተና ሁሉ አለፈ። ባለቤቱ በዕድሜ ጠና ያሉ ሾፌር ናቸው፤ ጓደኛዬ «ጋሼ» ይላቸዋል። 12 ሰዓት ላይ ደረስን። የዚህ ዓይነት ሚኒባስ ሞተሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን ገልብጠን እጄን ሰደድኩ። ሞቋል። የጭስ ማውጫውም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ አስነስተውት ነበር እንዴ?»

«ባትሪው እንዳይደክምብኝ ብዬ ትንሽ ነካ አድርጌው ነበር ልጄ።»

ከአፋቸው የወጣ ውሸት የለም። ዘይት አይበላም አላሉም፤ ስለ ዘይትም የጠየቃቸው አልነበረም። ታዲያ ዋሹን ወይስ አልዋሹንም?

ውሸትን በተመለከተ ከካንት የጠነከረ ፈላስፋ ማግኘት ይከብዳል። ወዳጅህን አሳዶ ለመጣ ነፍሰ ገዳይ እንኳ መዋሸት አይገባም ያለ ሰው ነው። ይኸው ካንት ለተማሪዎቹ ይሰጠው የነበረ አንድ ምሳሌ አለ፦ ሻንጣዬን ባዘጋጅና ሰዎች ሊሄድ ነው ብለው ቢያስቡ፣ እኔም የፈለግኩት እንደዚያ እንዲያስቡ ቢሆን፣ አልዋሸኋቸውም፤ ሐሳቤን እገልጽላችኋለሁ አላልኳቸውምና። ነፍሰ ገዳይ ፊት ያልተበገረ ሰው ሻንጣ ላይ ሲደርስ እንዲህ መላላቱ ሁሌም ይገርመኛል። በዚህ ስሌት ጋሼም ያዘጋጁት ሻንጣ ነው። እሳቸው ሞተር አሞቁ፤ መደምደሚያው የእኛ ነው።

እኔን አያሳምነኝም። ግን ደግሞ ገዢን የሚያሳስት ነገር ሁሉ ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። መኪና የሚሸጥ ሰው መኪናውን ያጥባል፣ ጎማውን ጥቁር ቀብቶ ያብለጨልጫል። ይሄ ማንንም አያታልልም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረግ ሁሉ፣ የሚሸጥ መኪና እንደሚታጠብ እናውቃለን። ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባትስ? እዚህ ላይ ልቤ ይከፈላል፤ ቢሆንም ማግኔት ይዞ የመጣ ገዢ ያገኘዋል። የሞቀው ሞተር ግን ከሁለቱም ይለያል። እጥበቱ የሚነካው መኪናውን ነው። ማሞቁ የሚነካው የእኔን መመርመሪያ ነው። ጋሼ ዝም አላሉም፤ እኔ ራሴ አይቼ የማውቅበትን ብቸኛ መንገድ ነው የዘጉት። ዝም ያለ ሻጭ ቢያንስ ጥያቄዬን አይነካብኝም።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ሰርቨር ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ሎግ ነው፤ ሎጉ ውስጥ ስህተት ቢገኝ ማንም አይደነግጥም፣ ስህተት የሌለው ሲስተም የለም። የሚያስደነግጠው ሎጉ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። መኪናም ላይ ያው ነው። የቅርብ ጊዜ የቤንዚን መኪኖች ላይ ርካሽ መሣሪያ ሰክቶ የስህተት ኮዶቹን በስልክ ማንበብ ይቻላል። ሻጩ ኮዶቹን ትናንት አጥፍቷቸው ከሆነ፣ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን መፈተሽ ገና እንዳልጨረሰ ያሳያል። ስህተቱ ጠፍቷል፣ መጥፋቱ ግን ይታያል። የኪሎሜትሩ ቁጥር እንደዚያ አይደለም፤ ዲጂታሉ ቺፕ ላይ የተጻፈ ቁጥር ስለሆነ መሣሪያው ያለው ሰው በደቂቃዎች ይቀይረዋል። እሱን ከማመን የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ምን ያህል እንዳለቀ ማየት ይሻላል።

ጋምቤላ ላይ ያገለገለ መኪና የሚገኝበት ሌላው መንገድ የድርጅቶች ጨረታ ነው። እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትል ሐረግ አትጠፋም። ይህቺን ሐረግ ከሥራዬ በደንብ አውቃታለሁ። ኤምአይቲ በሚባለው ፈቃድ የሚለቀቅ ሶፍትዌር ሁሉ ባለበት ሁኔታ ነው የሚሰጠው፤ ቢበላሽባችሁ ጸሐፊው ተጠያቂ አይደለም። እኔም በዚሁ ፈቃድ ኮድ ለቅቄ አውቃለሁ፣ ቅንጣት አላፈርኩበትም። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ መስመር በመስመር አንብቦ ይወስናል። መኪናም ላይ «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ ቁልፉ ከተሰጠኝ፣ ሥሩ ገብቼ እንድተኛ ከተፈቀደልኝ፣ ቅሬታ የለኝም። ሳይነሳ፣ ሳይገለጥ፣ በአጥር በኩል ብቻ ታይቶ ከሆነ ግን ሁኔታው የቱ እንደሆነ ማን አወቀ?

እዚህ ድረስ ሐሳቤ ለራሴም ደስ ይለኛል፦ ሁሉን መናገር ግዴታ አይደለም፣ የሌላውን ማወቂያ አለማበላሸት ግን ግዴታ ነው። ችግሩ፣ ክፍት ኮድ ክፍት የሚሆነው ማንበብ ለሚችል ሰው መሆኑ ነው። ለእናቴ ክፍቱም ዝጉም አንድ ነው። ከኢታንግ ከብቱን ሸጦ፣ ብሩን ቋጥሮ፣ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰውስ? ሞተሩ ቀዝቅዞ ቢጠብቀውም የጭሱን ቀለም ማን ያነብለታል? «ማየት ትችል ነበር እኮ» የሚለው መልስ እሱ ላይ ሲደርስ ፌዝ ይሆናል።

ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ፈላስፎችን በአንድ ቤት ሽያጭ ያከራክራቸዋል። ቤቱ ጤና የማይሰጥ፣ ተባይ የወረረው ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያውቅም። ዲዮጋን ማንም ግዛ ብሎ አላስገደደህም፣ የማመዛዘኑ ሥራ የገዢው ነው ይላል። አንቲጳጥሮስ ደግሞ እንዲህ ዝም ማለት መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ እንደመንፈግ ነው ይላል፤ አቴናውያን ያንን የሚያደርግ ሰው በአደባባይ ይረግሙ ነበር። እኛም አገር ቢሆን መንገድ ጠይቆ የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሰማው ማንም ያውቃል።

ከሁለት ቀን በኋላ ጋሼ ጋ ተመለስን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠበቀን። ሲነሳ የወጣው ጭስ ሰማያዊ ነበር፤ ጋሼ መሬት መሬት እያዩ ዋጋ ቀነሱ። ተከራክረን፣ ቡና ጠጥተን፣ ልንስማማ ስንል ጓደኛዬ ስለ ፍራሹ አነሳ። «ልትተኛበት ነው እንዴ?» አሉና ብድግ ብለው ወደ ጋቢናው ወሰዱን። ወንበሩን ገልብጠው ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አሳዩን፤ ተሰንጥቋል። «ሞተር ሳታጠፋ፣ መስኮት ዘግተህ እንዳታሸልብ። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል።» ይሄንን እኛ አላየነውም፣ አልጠየቅንምም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ይህን መናገራቸው ደግሞ ዋጋውን እንደገና እንደሚያወርድባቸው ያውቃሉ።

የዘይቱን ደብቀው ይሄን ለምን እንደነገሩን ጠየቅኳቸው። «ዘይቱ የገንዘብ ነው ልጄ። ይሄ የነፍስ ነው።»

ይህቺ መልስ ከዲዮጋን በጣም የተሻለች ናት። እንዲያውም ብዙዎቻችን ሳንናገረው የምንኖርበት ሕግ ይመስለኛል፦ በገበያ ብር ለብር እንተጋገላለን፣ ሰው ሊሞት ሲሆን እንናገራለን። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ማታለልን ውል ለማፍረስ ምክንያት ያደርገዋል፤ ግን ፍርድ ቤት ስለሚመጣ ብለው አይደለም ጋሼ ብድግ ያሉት።

የማልስማማው በመጀመሪያው ግማሽ ነው። ገንዘብና ነፍስ እንዲህ ተለያይተው አይቆሙም፣ ጋምቤላ ላይ በተለይ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ቢነክስባችሁ ጎታች መኪና ትጠራላችሁ፣ ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። አቦቦ መንገድ ላይ፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ መሽቶ ሞተር ሲነክስ ግን ነገሩ የገንዘብ መሆኑ ያበቃል። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ፤ እዚያ ላይ «ፍሬኑ ትንሽ ይሳባል፣ ርካሽ ነው የሚሠራው» የምትባለዋ የገንዘብ ጉድለት ምን እንደምትሆን ሾፌር አይጠፋውም። የዚያ የከብት ሻጭ ገንዘብም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዓመታት ኑሮው ነው።

ለጋሼም ግን መፍረድ ቀላል አይደለም። ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ሲገባ እስከ 500 በመቶ ታክስ ይጣልበታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፣ ከነሕመማቸው። ሚኒባሱ የጋሼ ጡረታ ነው። አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፈው፣ በኋላም ኖቤል ያሸለመው ጥናት ስለዚሁ ነው፦ ገዢ ደህናውን ከተበላሸው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የጥርጣሬ ዋጋ ይሰጣል፤ ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለተበላሹት ይቀራል። ጋሼ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ፣ ሌላው ሻጭ ሁሉ ሞተር እያሞቀ፣ የሁሉንም ጥርጣሬ እሳቸው ብቻ ይከፍሉት ነበር። ይሄ ያደረጉትን ትክክል አያደርገውም። የእውነት ዋጋ ግን ለሁላችን እኩል እንዳልሆነ ያሳያል።

ገዢም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። ጓደኛዬ መኪናውን እንዳየ ነበር የወደደው፤ ፊቱን አጨፍግጎ «ጎማው አልቋል፣ ቀለሙ ለቋል» እያለ ግማሽ ሰዓት አጣጣለው። የአዲስ አበባን ዋጋ ስልኩ ላይ እያየ ጋሼ እንዳያውቁ ስክሪኑን ወደ ደረቱ ይዞ ነበር። ይሄንንስ የትኛው ክፍል እንክተተው? እሱ «ድርድር ነው» ይላል። እኔ ገና አልወሰንኩም፤ ጋሼም ያንን ጨዋታ ከእሱ በተሻለ እንደሚያውቁት ግን እገምታለሁ።

በመጨረሻ ገዛው። ከፍራሹ በፊት የጭስ ማውጫው ተበየደ፤ የሞተሩ እድሳት ብር እስኪገኝ ይጠብቃል። አሁን ጋቢናው ውስጥ የተማሪ ደብተር አስቀምጧል፤ ያስጠገነውን፣ ያየውን ጉድለት፣ ቀንና ኪሎሜትር እየጻፈ ይይዝበታል፣ ሲሸጠው ከመኪናው ጋር ሊሰጥ። ዋጋህን ነው የምትቆርጠው ብዬ ተከራክሬዋለሁ፤ ያኔ እናየዋለን ይለኛል። የመጀመሪያው መስመር «ዘይት ይበላል» ይላል።