ስለ ውርስና ስለ በደል

ታላቅ ወንድሜ በሽንት ፊኛ ካንሰር በሞተ ጊዜ፥ ለቅሶ የደረሱት ሰዎች ስለ ደግነቱ ሲያወሩ እኔ ግን «በገዛ ሲጋራው ራሱን ገደለ» ብዬ ተናገርሁ። መምህር ሆኖ የኖረ ሰው ማረም ልማዱ ነውና በለቅሶ ቤትም አልተውሁትም። ዋርሳዬ ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ዕረፍት ነሣኝ፤ ይኸውም ከወንድሜ አብልጦ ሲያጨስ የኖረው ጎረቤታችን፥ ሰማንያ ዓመት አልፎት ዛሬም በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ማየቴ ነው። በደሉ አንድ ከሆነ ቅጣቱ ስለምን ተለያየ?

ሊቃውንት ከሰጡት መልስ የገባኝን ያህል ልናገር። በጉበታችን ውስጥ፥ ከውጭ የገባውን መርዝ እየለወጡ እንዲወገድ የሚያደርጉ ኢንዛይሞች አሉ። ከነዚህ አንዱ የሚሠራው ኤን ኤ ቲ 2 በሚባለው ጂን ትእዛዝ ሲሆን፥ ከአባትም ከእናትም ደካማውን ዓይነት የወረሰ ሰው ኢንዛይሙ ዝግተኛ ይሆንበታል። ልዩነቱ የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1952 ወዲህ በኢሶኒያዚድ ምክንያት ነው፤ ይህ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከአንዱ በሽተኛ ደም ቶሎ ሲጠፋ በሌላው ይዘገይ ነበርና። (በአገራችን ሁለቱንም ደዌ ነቀርሳ ብለን መጥራታችን ስሕተት ቢሆንም በዚህ ስፍራ ግን በእውነት ተገናኙ።) በትንባሆ ጢስና በአንዳንድ የቀለም ፋብሪካ ውስጥ አሮማቲክ አሚን የሚባል መርዝ አለ። ዝግተኛው ጉበት ሳያከሽፈው የቀረው በሌላ መንገድ ተለውጦ ከሽንት ጋር ወደ ፊኛ ይወርዳል።

ሉድቪግ ሬን የሚባል የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም፥ የቀለም ሠራተኞች በፊኛቸው ዕጢ እንደሚወጣባቸው በ1895 ገልጦ ነበር። በ1982 በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት ደግሞ፥ ቀለም ሲሠሩ ኖረው ይህ ካንሰር ከያዛቸው 23 ሰዎች 22ቱ ዝግተኞች ሆነው ተገኙ። በ2005 የታተመው የስፔን አገር ጥናት ግን የዝግተኛው አደጋ ከሌላው በ40 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥና በአጫሾች ላይ እንደሚጠነክር አሳየ። በቻይና ቤንዚዲን ሲሠሩ በኖሩት ሰዎች ላይ ዝግተኝነት እንዲህ ያለ ጉዳት አልተገኘበትም። እንግዲህ ድካሙ ለብቻው ድካም አይደለም፤ ከየትኛው መርዝ ጋር ተገናኘ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የወንድሜን ደም ማንም ስላልመረመረው ዝግተኛ ነበረ ማለት አልችልም። ጂኑን አልመረጠም፤ ሲጋራውን ግን መርጧል። ነገር ግን ጎረቤቴም ይህንኑ መርጦ ነበር፥ እርሱን ደግሞ አንድ ቀን ገሥጬው አላውቅም። ስለዚህ በለቅሶው ቤት የፈረድሁት በማጨሱ ሳይሆን በመሞቱ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ደቀ መዛሙርት ስለ ዕውሩ የጠየቁትን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ!

አንድ ብልጥ የፋብሪካ ጌታ ይህን ዕውቀት ቢያገኝ፥ ደም እየመረመርሁ ጠንካራውን ብቻ ልቅጠር ይል ይሆናል። በአሜሪካ በ2008 የወጣ ሕግ ቀጣሪን ከዚህ ይከለክላል። እኔ ግን ያለ ሕጉም ነገሩ ማታለል ይመስለኛል። ቤታ ናፍታይላሚን የሚባለውን መርዝ በእንግሊዝ አገር በአንድ ፋብሪካ ሲያነጥሩ የኖሩት ሰዎች ሁሉም በፊኛቸው ታመዋልና፤ መርዙ ሲበዛ ጠንካራ ጉበት አያድንም። የዳነው ሰው ከመርዙ የራቀው ነው። ሲጋራ ሻጩም «የአንተ ጉበት ይችለዋል» ለማለት እንዳይበቃ እፈራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ዋርሳዬ ሄጄ «እትዬ፥ በዚያን ቀን ስለ ተናገርሁት ይቅር በይኝ» አልኋት። ቡናውን እየቀዳች «በየዓቢይ ጾሙ ይተው ነበር፤ ፋሲካ ሲነጋ ይጀምራል። ሃያ ዓመት እንዲሁ ታገለ» አለችኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።