መሽቶብን ወይስ አምሽተን?

ዌልስ ውስጥ፣ ሄይ ብላፍ ከሚባለው ተራራ ላይ ሦስት ጓደኛሞች በፓራግላይደር ተነስተን፣ ነፋሱ ወደ ወሰደን በርረን፣ ባረፍንበት የበግ ግጦሽ ላይ ድንኳን ተክለን እንዳደርን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ስለ በረራው አንድም ነገር አልጠየቀችም። «የማን ደጅ አደራችሁ?» አለች። የሜዳውን ባለቤት እንደማናውቀው ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ለመሆኑ መሽቶባችሁ ነው ወይስ አምሽታችሁ?» አለችኝ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የጠራ አቋም ያለኝ ይመስለኝ ነበር። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባለው የዳርትሙር ምድር ድንኳን ተክሎ ማደር ፈቃድ ይሻል አይሻም በሚል ባለርስቶችና የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ሲሟገቱ የነበረውን ክርክር በቅርብ ተከታትያለሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ፍርዱ ለባለርስቶቹ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ይግባኝ ሰሚው ሻረው። በግንቦት 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በ1985 ስለ ዳርትሙር የወጣው ሕግ ለሕዝቡ የሰጠው ከቤት ውጭ የመዝናናት መብት ድንኳን ተክሎ ማደርንም ይጨምራል ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። የዚያን ቀን ከልቤ ደስ አለኝ። በሰው አገር ለመኖር፣ ለመሥራት፣ ለመግባት፣ ለመውጣት ስንት ዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ለኖርኩት ለእኔ፣ ማንንም ሳይለምኑ የሚተኙበት መሬት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ዌልስ ግን ዳርትሙር አይደለም። እዚያ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ለእናቴ መከላከያ ያደረግኩት ሕጉን ሳይሆን አየሩን ነው። ክንፋችን ሞተር የለውም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሙቁ አየር ሽቅብ ይነሳል፤ እኛም እዚያው ላይ እየተሽከረከርን ከፍታ እንይዝና ወደሚቀጥለው ደመና እንሻገራለን። ፀሐይ ስትደክም አየሩም ይደክማል፣ መውረድ ነው። የት እንደምናርፍ ጠዋት ላይ አናውቅም። እንግዲህ መሸበት የሚባል ሰው ካለ፣ ከፓራግላይደር አብራሪ የበለጠ ማን ሊሆን ነው?

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «ድንኳኑን ታዲያ ከየት አመጣችሁት?» አለች።

ድንኳኑ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዬ፣ ከመቀመጫዬ ኪስ ውስጥ ነበር። የመኝታ ከረጢቱም፣ የቡናው ጀበናም። የሚመሽበትን ሰዓት አስልቶ የወጣ ሰው በምን አንደበቱ መሸብኝ ይላል?

ለዚህ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴም እኮ በመንገድ ላይ እንደሚመሽበት እያወቀ ነበር ስንቁን ጭኖ የሚወጣው። አስበህ ነው የመጣኸው ተብሎ ማደሪያ አልተነፈገም። እርግጥ ነጋዴው ለእንጀራው ነው፣ እኛ ለደስታችን። ነገር ግን የጉዞን ክብደት በጥቅሙ መመዘን አልፈልግም። ተሳላሚውም ማንም ሳያስገድደው፣ ልቡ ወድዶ ነው የሚሄደው፤ ደጅ ግን ይከፈትለታል። ስለዚህ መሽቶበት ይሁን አምሽቶ ልዩነት የለውም ልል ቃጣኝ።

ሆኖም ነጋዴውንም ተሳላሚውንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ደጃፉ ላይ ቆመው «ቤቶች!» ይላሉ። መሸብኝ ማለት ለካ ስለ ሰዓቱ የሚነገር ወሬ አይደለም። ለሌላ ሰው የሚነገር ቃል ነው፤ ያ ሰው እምቢ ሊል እንደሚችል እያወቁ የሚናገሩት። እኛ ያረፍነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ መንገዱም ቅርብ ነበር። ከሜዳው ማዶ አንድ ቤት ይታያል። እንሂድና እናስፈቅድ የሚል ሐሳብ ተነሳ። እምቢ ቢሉንስ አልኩ እኔ። ድንኳኑን ከአጥሩ ቁጥቋጦ ጀርባ፣ ከቤቱ በማይታይ በኩል ተከልነው።

ይህን የምጽፈው የዳርትሙርን ፍርድ ለመቃወም አይደለም። እዚያ ረግረግና ድንጋይ መሀል የሚንኳኳ በር የለም፤ መብቱ በባለርስት መልካም ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል መደረጉን ዛሬም እደግፋለሁ። ስኮትላንድም በ2003 ሕጓ በሰፊው መፍቀዷ ትክክል ይመስለኛል። ግን ሳይጠይቁ ማደርና ተደብቆ ማደር አንድ ናቸው ወይ? በመብቱ ያደረ ሰው ቢያዩት አይደነግጥም። እኔ የፈለግኩት ያንን መብት ይሁን፣ ወይስ እምቢታን ከመስማት ማምለጥን ብቻ፣ እስካሁን ለይቼ አላወቅኩትም። ፈቃድ መጠየቅ የሰለቸው ሰው ሁለቱን በቀላሉ ሊያምታታ ይችላል።

እናቴ በመጨረሻ የጠየቀችኝ ቤቱ ውስጥ መብራት ነበረ ወይ ብላ ነው። ነበረ። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ጠፋ፤ እስኪጠፋ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።