ሴት ብቻዋን ስትሄድ ጠባቂዋ ማን ነው?

አንዲት ልጅ ከላስታ ተነሥታ ለትምህርት ወደ ሮማ ብትሄድ፥ ዘመዶቿ «ሲመሽ አትውጪ፤ ሰው አትመኚ» ይሏታል። ምክሩ መልካም ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ ለአደጋ የሚደወልበት ቁጥር 112 መሆኑን ማወቅም ይጠቅማታል። ግን እጠይቃለሁ፤ ጥበቃው የእርሷ ዕዳ ብቻ ነውን?

ታኅሣሥ 29 ቀን ልደትን ለማክበር ወደ ላሊበላ ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ቀናት በእግር ተጉዘው በሜዳ ያድራሉ፤ መከታቸው አጠገባቸው ያደረው ሰው ዓይን ነው። በታላቅ ከተማ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ አይተዋወቅምና፥ ክፉ ሰው «ማን ያየኛል?» ብሎ ይደፍራል።

ይሁን እንጂ ዓይን ብቻውን አይበቃም። በአገራችን ጠለፋ መንደር እያየ፥ ሽማግሌ እያስታረቀ ኖሯል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ልጅቱ ጠላፊዋን እሺ ብላ ካገባችው ክሱን ይተው ነበር። ይህን በር የዘጋው የ1996 ዓ.ም. ሕግ ነው፤ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ! እኅትህን «ተጠንቀቂ» ስትላት ራስህንም መርምር። ባልንጀራህ መንገደኛይቱን ሲያስጨንቃት እያየህ ዝም ካልህ፥ ለእርሷ ላስታም ሮማም አንድ ናቸው።